የጴጥሮስ ቤተ መቅደስ መታደስ፤ ስለ አንድ የነሐስ ሜዳይ የቀረበ ሂስ

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ሥራ ስፋቱ ከቡና ስኒ አፍ አይበልጥም። ይኸውም ወርቅ ሠሪው ክሪስቶፎሮ ፎፓ፥ በቅጽል ስሙ ካራዶሶ የተባለው፥ በ1506 ዓ.ም. ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ለዳግማዊ ዩልዮስ የሠራው የነሐስ ሜዳይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ኹሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በአንዱ ፊት የጳጳሱ መልክ፥ በሌላው ፊት በሮም በቫቲካን ኮረብታ ላይ ሊሠራ የታሰበው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ይታያል። ሥራው የካራዶሶ መኾኑን ቫዛሪ በብራማንቴ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ጽፎታል።

ስለዚህ ሜዳይ መጻፍ የፈለግነው አዲስ ነገር አግኝተን አይደለም። ሥዕሉ በሥነ ሕንጻ ታሪክ መጻሕፍት በየጊዜው ይታተማል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የሚታተመው ሕንጻው ያለበት ፊት ብቻ ነው። የጳጳሱ መልክ ይቀርና አንባቢው ሜዳዩን እንደ መሐንዲስ ወረቀት አይቶት ያልፋል። ምክንያቱ አይጠፋንም። የሥራው መሐንዲስ ዶናቶ ብራማንቴ ካወጣው ንድፍ ውስጥ ዛሬ በፍሎረንስ በኡፊዚ የሚገኘው የብራና ሥዕል የመሠረቱን ግማሽ ብቻ ያሳያል፤ ሕንጻው ከመሬት ተነሥቶ ሲቆም ምን እንዲመስል እንደ ታሰበ ለማወቅ ከኹሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ይህ ሜዳይ ነው። ሊቃውንትም ቤተ ክርስቲያኑ አራት ክንፉ እኩል የኾነ መስቀል ነበር ወይስ እግሩ የረዘመ መስቀል እያሉ ሲከራከሩ ሜዳዩን ለምስክርነት ይጠሩታል። እኛ የምንለው ግን ምስክሩ ራሱ አስቀድሞ መመርመር ይገባዋል ነው፤ ማን ጠራው፥ ማን ከፈለው፥ ለማንስ ሊናገር ቆመ?

እውነቱን ለመናገር ሜዳዩን በእጃችን ይዘን አላየነውም። ቅጂዎቹ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም፥ በዋሽንግተንም በናሽናል ጋለሪ ይገኛሉ፤ እኛ የምናውቀው በፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፍ ደግሞ በዚህ ነገር ያታልላል። መጽሐፍ አንድ ገጽ ሙሉ አድርጎ ሲያትመው ሕንጻው እንደ ተራራ ከፊታችን ይቆማል። ስፋቱ 56 ሚሊሜትር ያህል ብቻ መኾኑን ካነበብን በኋላ በዚያው ልክ ክብ ወረቀት ቈርጠን በመዳፋችን ላይ አስቀመጥነው። አንድ ጓደኛችን ወረቀቱን አንሥቶ አየና «ይህ ኹሉ ክርክር በዚህች ላይ ነው?» አለን። ጥያቄው ከብዙ መግቢያ ይሻላል። በዚህ ጠባብ ስፍራ ላይ ጉልላት፥ ማማ፥ አምድና ደጀ ሰላም የቀረጸ እጅ ምን ዓይነት እጅ ነው ብሎ መጀመር ተገቢ ነውና።

ሜዳዩ እንደ ገንዘብ በማኅተም ተመትቶ የወጣ ሳይኾን ተቀልጦ የፈሰሰ ነው። ሠሪው መልኩን አስቀድሞ በሰም ይቀርጸዋል፤ ከዚያ የሰሙን ቅርጽ የያዘ መያዣ ይሠራና የቀለጠው ነሐስ ይፈስበታል፤ በመጨረሻም ሻካራው በሞረድና በመቅረጫ ይስተካከላል። እዚህ ላይ ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ሰምና ወርቅ ትዝ ሳይለው አይቀርም፤ የቅኔው ስያሜ ራሱ ከአንጥረኛ ቤት የመጣ ነውና። የጳጳሱ መልክ ሰም፥ ሕንጻው ወርቅ ነው ለማለትም ያምረናል። ነገር ግን ምሳሌው አይገጥምም። በቅኔ ሰሙ ሲገፈፍ ወርቁ ይወጣል፤ በዚህ ሜዳይ ግን ኹለቱም ፊቶች እኩል የተገለጡ ናቸው። የተሰወረው ነገር ከኹለቱም ላይ የለም። ወደዚህ ነገር እንመለሳለን።

የጳጳሱ መልክ በጎን የተቀረጸ ሲኾን ከሕንጻው ይልቅ ከፍ ብሎ ወጥቷል። ጌጠኛ ካባ ደርበዋል፤ ሦስት ደረጃ ያለውን የጵጵስና አክሊል ግን አልደፉም። ጢምም የላቸውም። ዛሬ ብዙ ሰው ዳግማዊ ዩልዮስን የሚያውቃቸው ራፋኤሎ በሣላቸው ሥዕል፥ ነጭ ጢማቸውን አውርደው በሐሳብ ተክዘው እንደ ተቀመጡ ነው፤ ያ ሥዕል ግን ከሜዳዩ አምስት ዓመት ያህል ዘግይቶ የተሠራ ነው። በሜዳዩ ላይ ያሉት ሰው ገና ያልደከሙ፥ መንጋጋቸው የጠና፥ የጀመሩትን የሚያስጨርሱ የሚመስሉ ናቸው። በመልኩ ዙሪያ ያለው የላቲን ጽሑፍ ዓመቱን ይናገራል፤ ስማቸውንም «ዩልዮስ ሊጉር ፓፓ ሴኩንዱስ» ይላል። «ሊጉር» ማለት የሊጉርያ ሰው ማለት ነው፤ ጳጳሱ የተወለዱት በዚያ አውራጃ በሳቮና አጠገብ በአልቢሶላ ነውና። የክርስቲያን ኹሉ አባት የሚባሉ ሰው በቤተ ክርስቲያን መታሰቢያ ላይ የትውልድ አገራቸው ከማዕርጋቸው ቀድሞ እንዲጻፍ መፍቀዳቸው ተራ ነገር አይመስለንም። የሕንጻውን ፊት ብቻ የሚያትሙት መጻሕፍት ይህን ይቈርጡብናል። ማን እንደሚናገር ሳናውቅ የሚናገረውን ብቻ እንሰማለን።

አኹን ሜዳዩን እንገልብጠው። በመካከል በአምዶች በተከበበ ክብ ግንብ ላይ ታላቁ ጉልላት ተቀምጧል፤ ከሥሩ ግማሽ ጉልላቶች፥ ከፊቱ ደጀ ሰላም፥ በግራና በቀኝ ደግሞ ኹለት ረጃጅም ማማዎች አሉ። ሕንጻው የተቀረጸበት ከፍታ እጅግ ዝቅተኛ ነው፤ ጥላ ካልወደቀበት የሚታይ አይመስልም። የካራዶሶ ታላቅነት እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን። ክብ ስፍራ ለሕንጻ የማይመች ነው፤ ሕንጻ ወለል ይፈልጋል፥ ክብ ግን ወለል የለውም። ካራዶሶ ጉልላቱን ከሜዳዩ የላይኛው ከንፈር ጋራ እንዲሄድ አድርጎ አስቀምጦታልና ዓይን የጉልላቱን ክብነት ከሜዳዩ ክብነት ለይቶ አያይም፤ ማማዎቹም በጎንና በጎን ባዶውን ስፍራ ይሞሉታል። ስለዚህ ሜዳዩ ለሕንጻው፥ ሕንጻውም ለሜዳዩ የተፈጠረ ይመስላል።

ነገር ግን ይህ ራሱ ጥርጣሬ ያሳድርብናል። ማማዎቹ በዚያ ስፍራ የቆሙት ብራማንቴ እዚያ ስለ ተከላቸው ነው ወይስ ወርቅ ሠሪው ባዶውን ስፍራ ለመሙላት ስለ ፈለጋቸው? ጥያቄውን ሙሉ በሙሉ ለመመለስ አንችልም። ኾኖም ሜዳዩን በመለኪያ እየለኩ የሕንጻውን ቁመትና ወርድ የሚያሰሉ ሰዎች ካሉ፥ የሚለኩት የመሐንዲሱን ሐሳብ ብቻ ሳይኾን የወርቅ ሠሪውንም ችግር ጭምር መኾኑን ሊያስቡ ይገባል።

በዚሁ ፊት ዙሪያ «ቴምፕሊ ፔትሪ ኢንስታውራቺዮ» የሚል ተጽፏል፤ የጴጥሮስ ቤተ መቅደስ መታደስ ማለት ነው። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ስፍራው የቫቲካን ኮረብታ መኾኑን ይናገራል። ኹለት ቃላት ላይ ቆም እንላለን። መጀመሪያው «ቴምፕሉም» ነው። ጽሑፉን ያዘጋጀው ሰው ለቤተ ክርስቲያን የተለመዱ ቃላት እያሉለት የጥንት ሮማውያን ለጣዖቶቻቸው ቤት ይሉት የነበረውን ስም መርጧል። ይህ የዘመኑ ልማድ ነበርና በዚህ አንፈርድበትም። ኹለተኛው ቃል ግን ይበልጥ ያሳስበናል። «መታደስ» ሲል ምን ማለቱ ነው?

በአገራችን ቤተ ክርስቲያን አሳደሰ ሲባል የተሸነቈረ ክዳን ተከደነ፥ የወደቀ ግድግዳ ተነሣ፥ ሥዕሉ ተነቃ ማለት ነው፤ መቅደሱ ግን ያው መቅደስ ነው። አሮጌው ተንዶ ሌላ ሲሠራ «አፍርሶ ሠራ» ይባላል እንጂ «አሳደሰ» አይባልም። የላቲኑ ቃል ማደስንም መልሶ ማቋቋምንም የሚይዝ ሰፊ ቃል ነው፤ ሰፊ በመኾኑም ለዚህ ሜዳይ እጅግ ተስማምቶታል። በኮረብታው ላይ በዚያን ጊዜ ቆሞ የነበረው በአራተኛው መቶ ዓመት በንጉሠ ነገሥት በቆስጠንጢኖስ ዘመን የተጀመረው ቤተ ክርስቲያን ነው። ወደ 1200 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ነበረው፤ በጴጥሮስ መቃብር ላይ ቅዳሴ ሲቀደስበት፥ ነገሥታት ዘውድ ሲጭኑበት የኖረ ነው። ግድግዳው አዘንብሎ እንደ ነበር ይታወቃል፤ መጠገን ያስፈልገው ነበር። የኾነው ግን ጥገና አይደለም። ብራማንቴ የምዕራቡን ክፍል አፈረሰ፤ ከዚህም የተነሣ የሮም ሰዎች አፍራሹ የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። በመቃብሩና በመንበሩ ላይ ዝናም እንዳይወርድ ጊዜያዊ መጠለያ መሥራት ግድ ኾነ። የምሥራቁ ክፍል እስከ አሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ቆይቶ በጳውሎስ አምስተኛ ዘመን ፈረሰ።

እንግዲህ ከሜዳዩ ከኹለቱም ፊት ላይ የለም ያልነው ይህ አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ነው። በአንዱ ፊት አሠሪው፥ በሌላው ፊት የሚሠራው አሉ፤ የሚፈርሰው ግን የለም። «መታደስ» የሚለው ቃል በፈረሰው ስፍራ ተተክቷል።

ሜዳዩ ከተሠራ በኋላ የኾነውን ለማየት የሆላንዱ ሠዓሊ ማርተን ቫን ሄምስከርክ በ1530ዎቹ በሮም ሳለ የሣላቸውን ሥዕሎች ከሜዳዩ አጠገብ ማስቀመጥ ይበቃል። ሠላሳ ዓመት ያህል አልፏል። ዩልዮስ በ1513፥ ብራማንቴ በ1514 ሞተዋል። በሥዕሎቹ ላይ እጅግ ግዙፍ አምዶችና ቅስቶች ሰማይ ለሰማይ ተከፍተው ቆመዋል፤ ሣር በቅሎባቸዋል፤ አጠገባቸው ያረጀው የቆስጠንጢኖስ ሕንጻ ቅሪት ተጠግቷቸዋል። አዲስ ፍርስራሽና አሮጌ ፍርስራሽ በአንድ ስፍራ ላይ ናቸው፤ ባዕድ ሰው የትኛው የትኛው እንደ ኾነ ለመለየት ይቸገራል። ሚኬላንጀሎ ሥራውን የተረከበው ከዚህ ሥዕል ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ጉልላቱ በጃኮሞ ዴላ ፖርታ እጅ በ1590 ተፈጸመ፤ ቤተ ክርስቲያኑ የተባረከው በ1626 ነው። ከሜዳዩ እስከ ቡራኬው 120 ዓመት ይኾናል።

በሚስዮን ትምህርት ቤት የተማርን ሰዎች የዚህን ሕንጻ ስም የሰማነው ከ1517ቱ ከማርቲን ሉተር ክርክር ጋራ ብቻ ነበር። ሊዮን ዐሥረኛ ለሕንጻው ገንዘብ ለማግኘት የፈቀዱት የሥርየት ደብዳቤ ሽያጭ ለዚያ ክርክር መነሻ መኾኑ እውነት ነው። ኾኖም ሜዳዩን በዚያ ዓይን ብቻ ብናየው ሌላ ስሕተት እንሠራለን። በ1506 የቆመ ሰው 1517ን አያይም፤ ካራዶሶ ሰሙን ሲቀርጽ የሚያስበው ማማውን እንዴት እንደሚያስገባ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣብን ይችላል፤ እኛም ስንከራከር ተነሥቶብናል። ሜዳዩ የታሪክ መጽሐፍ አይደለም፥ መሠረት ሲጣል የተደረገ ጸሎት ነው፤ ጸሎት ደግሞ ያልኾነውን እንደሚኾን አድርጎ ይናገራል፥ ስለዚህ አልተሠራም ብሎ መውቀስ አግባብ አይደለም የሚል ነው። ተቃውሞው ጠንካራ ነው። በእርግጥም በሚያዝያ 18 ቀን 1506 ጳጳሱ ቅድስት ቬሮኒካ በምትባለው አምድ ስፍራ ወደ ተቈፈረው ጥልቅ ጕድጓድ ወርደው የመሠረቱን ድንጋይ ሲያኖሩ፥ ሜዳዮች በሸክላ ዕቃ ተደርገው ከሥር ተቀብረዋል። የተቀበረ ሜዳይ ለጎረቤት አይታይም። የሚናገረው ሕንጻው ከፈረሰ በኋላ መሠረቱን ለሚቈፍር ሰው ነው፤ «ይህን የሠራው እገሌ ነበር» ሊለው። ይህ ሐሳብ ያስደንቀናል። ጳጳሱ ገና ያልተጀመረው ሕንጻቸው አንድ ቀን እንደሚፈርስ አስበውበታል ማለት ነው፤ የሌላውን ሕንጻ ሲያፈርሱ የራሳቸውንም መፍረስ ከመሠረቱ ሥር አኑረውታል።

ነገር ግን የተቀበሩት ጥቂቶች ናቸው። የቀሩት ቅጂዎች ከመሬት በላይ በሰው እጅ ዞረዋል፤ በዚያ ያሉት ደግሞ የሚናገሩት ለባለጠጋው፥ ለመልእክተኛው፥ ለተጠራጣሪው ካርዲናል ነው። ለምድር የተነገረው ጸሎት ሊኾን ይችላል፤ ለሰው የተነገረው ግን ውል ነው። አንድ ነሐስ ኹለቱንም በአንድ ድምፅ ይናገራል፤ እኛም የምንነቅፈው ይህን መደባለቅ ነው እንጂ ተስፋ ማድረጉን አይደለም። የመሠረት ድንጋይ ተጥሎ፥ ስም በእብነ በረድ ተቀርጾ፥ ከዚያ ወዲያ በስፍራው ፍየል ሲግጥበት የታየ ሰው ባለበት አገር ይህ ልዩነት ብዙ ማስረዳት አያሻውም።

ለማስተያየት ያህል ከዚህ 56 ዓመት የሚቀድም ሌላ ሜዳይ እንጥቀስ። ማቴዮ ዴ ፓስቲ ለሪሚኒው ገዥ ለሲጂስሞንዶ ማላቴስታ የሠራው ነው፤ 1450 የሚል ዓመት ተጽፎበታል፥ ስፋቱም 40 ሚሊሜትር ያህል ነው። በአንዱ ፊት ገዥው፥ በሌላው ፊት ሊዮን ባቲስታ አልቤርቲ የነደፈው ቤተ ክርስቲያን ከነጉልላቱ ይታያል። ያም ጉልላት ከቶ አልተሠራም፤ የፊቱም የላይኛው ክፍል ሳይፈጸም ቀርቷል። ይኹን እንጂ በሪሚኒ የታችኛው ክፍል ተሠርቶ ዛሬም ቆሟልና ሜዳዩን ከድንጋዩ ጋራ ማመሳከር ይቻላል፤ ሲመሳከርም ቅስቶቹ በስፍራቸው ይገኛሉ። አልቤርቲ ደግሞ አሮጌውን የፍራንቸስኮስ ቤተ ክርስቲያን ሳያፈርስ በአዲስ ድንጋይ ልብስ አልብሶታል፤ «መታደስ» የሚለው ቃል ለዚያኛው ይገባው ነበር። በእጅ ሥራ ረገድ የካራዶሶን እንመርጣለን። ለማስረጃነት ግን የማቴዮን ይበልጥ እናምናለን።

ይህ ነገር ለእኛ የሩቅ ነገር ብቻ አይደለም። ከታላቁ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ፥ በቫቲካን ግቢ ውስጥ፥ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተሰጠው በሲክስቶስ አራተኛ ዘመን በ1479 እንደ ነበር ይነገራል፤ ሲክስቶስም የዩልዮስ አጎት ናቸው። በዙሪያው የነበሩት የቫቲካን አብያተ ክርስቲያናት ለአዲሱ ሥራ ሲፈርሱ እርሱ ተርፎ ዛሬ በዚያ ግቢ ከቆሙት ኹሉ ጥንታዊው ኾኗል። ዮሐንስ ፖትከን የተባለው ጀርመናዊ በሮም ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግዕዝ ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን በ1513፥ ዩልዮስ በሞቱበት ዓመት፥ አሳተመ፤ በግዕዝ ከታተሙት መጻሕፍት የመጀመሪያው ነው። አባቶቻችን መዝሙር በሚያደርሱበት ሰዓት የአፍራሾቹ መዶሻ ይሰማቸው እንደ ነበር መገመት ይቻላል። ስለዚያ ድምፅ ጽፈው ትተውልን ቢኾን ኖሮ ከሜዳዩ ጋራ የምናስተያየው ሌላ ምስክር ባገኘን ነበር። እኛም ራሳችን በአክሱም ሌላ ምሳሌ አለን፤ በ1965 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያሠሩት አዲሱ የጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ የፋሲለደስ ዘመኑ አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ሳይነካ አጠገቡ ቀርቷል። የአዲሱን ጉልላት መልክ የማይወዱ አሉ፤ እኛም እጅግ አንወደውም። አሮጌውን ግን ገብተን ልናየው እንችላለን።

አንድ ነገር ይቀረናል። በጳጳሱ ሜዳይ ላይ የብራማንቴ ስም አልተጻፈም፤ ነገር ግን ለእርሱ ብቻ የተሠራ፥ ለካራዶሶም የሚሰጥ ሌላ ሜዳይ አለ። በዚያ ላይ መሐንዲሱ እንደ ጥንት ሐውልት ራቁት ደረቱን ተቀርጿል፤ በጀርባው ሥነ ሕንጻ በሴት አምሳል መለኪያዋንና ኮምፓሷን ይዛ ተቀምጣለች፥ ከኋላዋም ይኸው ሕንጻ በሩቅ ይታያል። ጽሑፉ ታማኝነትና ድካም ይላል። በዚያ ሜዳይ ላይ ሕንጻው ከሴቲቱ ወንበር በስተኋላ ያለ ሐሳብ ነው፤ ገና እየተለካ ነው። ከኹለቱ ሜዳዮች ለእውነቱ የሚቀርበው ይህኛው ይመስለናል፤ በመጻሕፍት ግን ከጳጳሱ ይልቅ በጥቂቱ ይታተማል።

ስለ ማማዎቹ ላነሣነው ጥያቄ የሚጠቅም ነገር በኋላ ታሪክ ውስጥ አለ። ቤርኒኒ በ1638 በቤተ ክርስቲያኑ ፊት በደቡብ በኩል የደወል ማማ ማሠራት ጀምሮ ነበር፤ ክብደቱ ከሥሩ ያለውን ግንብ ስለ ሰነጠቀው ይባላል በ1646 ፈረሰ። ዛሬ በአደባባዩ የቆመ ሰው በጉልላቱ ግራና ቀኝ ማማ አያይም። በነሐሱ ላይ ግን ኹለቱም ቆመዋል።